የእጅ ድርሻ

ረቡዕ ነበር፤ ለስድስት ሰዓት ተኩል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው። ምግብ በምናሳልፍባት ትንሽ መስኮት ወደ ውጭ ሳይ፣ አባቴ የሳንዱች ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

በአንድ እጁ የጎረቤታችንን ክንድ ይዟል፤ በሌላው የሆስፒታል ካርዱን። ደጃፉ ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ በጫማው ጫፍ ፈልጎ አገኛትና ገባ። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ሰው ከፊቱ ሲቆም ጥላውን ያያል፤ ፊቱን አይለይም። ጎረቤታችን ግን ያያሉ። ያውም ከሩቅ ያያሉ፤ ያዩትንም ከዳምቦያ ገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ድረስ ያወራሉ።

እኔ በዚያች ሰዓት ሆመቾ ነበርኩ። ለአባቴ ያልኩት እንዲያ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውሎ «ለዓይኔ ሆሳዕና መጥቻለሁ፤ ከሐኪሙ ስወጣ ቢሮሽ ብቅ ብዬ ልይሽ» ሲለኝ፣ ግማሹን የላጥኩትን ሽንኩርት በእጄ ይዤ «ዛሬ ለመስክ ሥራ ሆመቾ ወጥተናል አባዬ፤ ማታ ነው የምንመለሰው» አልኩት። «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» አለኝ። ቅር እንዳለው ከድምፁ አውቄያለሁ። ከሚያፍር ቅር ቢለው ይሻላል ብዬ ነበር።

ቢሮ የሚባለው ነገር መጀመሪያ ላይ ውሸት አልነበረም። በምግብ ሳይንስ ተመርቄ፣ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ዳምቦያ ወላጆቼ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ሆሳዕና ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ወር በኮንትራት ቀጥሮኝ ነበር። ሥራዬ ቅጽ ማስሞላት ነው። ቢሆንም ጠረጴዛ ነበረኝ፤ ጠረጴዛው ላይ የኔ እስክሪብቶ ነበረ። አባቴ እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ አመሰገነ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለት ወሩ ሲያልቅ ኮንትራቱ አልታደሰም። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ሳምንት ቆይቼ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሥራ ሳገኝ ሁለቱን አንድ ላይ እናገራለሁ አልኩ። ሳላገኝ፣ ሳልናገር፣ ስምንት ወር አለፈ።

አከራዬም ከዳምቦያ የመጡ፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ እናቴን ከልጅነቷ ያውቋታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የቢሮ ልብሴን ለብሼ፣ ሰማያዊ ፋይሌን በብብቴ ይዤ ነው ከግቢው የምወጣው። «ቢሮ?» ይሉኛል። «አዎ፣ ቢሮ» እላቸዋለሁ። ፋይሉ ውስጥ የዲግሪዬ ኮፒና የታጠፈ ሽርጥ አለ።

ሳንዱች ቤቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት ሆሳዕና ነው። ሀዲይኛውን፣ ጉራጊኛውን፣ አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ ያወራሉ። ሥራ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ወረቀቶቼን ዘርግቼ ስለ ጥናቴ፣ ስለ ቆጮ መብላላት፣ ልነግራቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ሳይንሱን ተዪው የኔ ልጅ። እጅሽ ይሰበሰባል?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከቆየሁ በኋላ ነው። «ሳንዱች ማለት» ይላሉ እትዬ፣ «የሰው እጅ ያልነካው መምሰል አለበት። የማን እጅ እንደሠራው ከታወቀ እሱ ሳንዱች አይደለም፤ የቤት ምግብ ነው።» ስለዚህ ጓንት እናደርጋለን። የዳቦውን ጠርዝ እንቆርጣለን። ከጥግ እስከ ጥግ በቢላዋ እንሰነጥቀዋለን፤ ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች አንዱ ከአንዱ ከበለጠ ይመለሳል። በላዩ ስቴኪኒ እንሰካለን።

ሳንዱች አንድ ዓይነት ምግብ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቤት ገብቼ ነው አለመሆኑን ያወቅኩት። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጡ ሰዎች ማዮኔዝ በዝቶበት ይፈልጋሉ፤ አንድ ጊዜ ጎርሰው ስልካቸውን ያያሉ፣ ውስጡን አይመለከቱም። የመናኸሪያ ሾፌሮች ሳንዱች የሚለውን ቃል አይወዱትም፤ እነሱ የሚፈልጉት እርጥብ ነው፣ ዳቦ ውስጥ ጥብስ ድንችና ሚጥሚጣ ታጭቆበት፣ በአንድ እጅ መሪ በአንድ እጅ እሱ። የገበያው ነጋዴዎች ዳቦው ጠቆር እስኪል ተጠብሶ ዳጣው በሲኒ ለብቻው ካልመጣላቸው ይቆጣሉ። ከገጠር በገበያ ቀን የሚመጡ ሰዎች ደግሞ የላይኛውን ዳቦ አንስተው ወደ ጎን ያኖሩታል፤ ውስጡን በሥረኛው ዳቦ ይበሉና የላይኛውን በሻይ ያወራርዱታል። አንድ ቀን አንድ አዛውንት የላይኛውን ዳቦ በሳህኑ አድርገው «ክዳኑን ውሰዱ» ብለው መልሰውልናል።

ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ሳንዱቹን የማይከፍት የለም። ከተማችን ጿሚውም የማይጾመውም በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጥባት ናት፤ ተከድኖ የመጣ ነገር የጾም ይሁን የፍስክ በምን ይታወቃል? እትዬ ይህን በስቴኪኒ ፈትተውታል። አንድ ስቴኪኒ የጾም፣ ሁለት ስቴኪኒ የፍስክ። መክተፊያውም ቢላዋውም የተለያየ ነው። ሰው የተሰካውን አይቶ በእምነት ይበላል።

አብራኝ የምትሠራው ሴት የሆመቾ ልጅ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። የምትጠራኝ «ዲግሪዋ» ብላ ነው።

«ዲግሪዋ፣ ሽንኩርቱን በሳይንስ ቁረጪው እስቲ፣ እንዳያስለቅሰን።»

ለራሳችን ምሳ ስንሠራ እትዬ ካላዩን እሷ ዳቦውን ቅቤ ታጠጣዋለች። እኔ ደግሞ ዳቦውን በወረቀት እጠቀልላለሁ።

«እናንተ ከምባታዎች ምግቡን እንደ ሕፃን ታቅፉታላችሁ» ትለኛለች።

«እናንተስ በቅቤ ታጠምቁታላችሁ» እላታለሁ። ከሷ ጋር ብቻ ነው መልስ የምመልሰው። ከሌላ ሰው ጋር መልሱ የሚመጣልኝ ማታ አልጋዬ ላይ ነው።

በወረቀት የምጠቀልለው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ መምህር ነው። ዓይኑ እስኪደክም ድረስ በየቀኑ ምሳውን ይዞ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው። ምሳው ቆጮ ነው፤ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የምቋጥርለት እኔ ነበርኩ። ቆጮውን በእጄ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አባቴ ቢላዋ የነካው ቆጮም ሆነ ዳቦ አይወድም፤ «የሚቆረሰውን ለምን ታርዱታላችሁ?» ይላል። ከሥር አይብ አደርጋለሁ፣ ከላይ ጎመን። ጎመኑ ከታች ከሆነ ውሃው ቆጮውን ያረጥበዋል። ከዚያ እገጥመውና እሳት ባለዘበው ኮባ እጠቀልለዋለሁ። የኮባውን ጫፍ ሁለት ጊዜ አጥፌ ከሥር ወደ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳይፈታ ይውላል፤ በላተኛው ግን ጫፉን አግኝቶ ወደ ራሱ አንድ ጊዜ ከሳበው ይከፈታል። እናቴ እንዲህ አታጥፍም፤ እህቴም ሌላ ዓይነት ነው የምታጥፈው። ይሄ የኔ ነው። እኛ ቤት የማን እጅ እንደሆነ ያልታወቀ ምግብ የለም።

አባቴ ምሳውን ጨርሶ አያውቅም። ቢርበውም ግማሹን ያስቀርና በዚያው ኮባ፣ እንደነበረው አጥፎ፣ ጫፉን ሸጉጦ ይዞት ይመጣል። ለቋጠረችለት ይሰጣል። «የእጅ ድርሻ ነው» ይላል። የሱም አባት እንዲያ ያደርጉ ነበር አሉ። ትልቅ ሰው ሳህን አይጠርግም፤ ለሠራው እጅ ያስቀራል። እኔ ያንን ግማሽ አሥር ሰዓት ላይ ደጃፋችን ተቀምጬ እበላ ነበር፤ ቀዝቅዞ፣ ኮባ ኮባ፣ ጠመኔ ጠመኔ እያለ።

ያን ረቡዕ ሁለቱ ገብተው የተቀመጡት መስኮቷ ሥር ነው። እኔ ፍሪጁ ጀርባ ቁጢጥ ብያለሁ።

«ዲግሪዋ፣ ምን ሆንሽ? ያስቀየምሽው እጮኛ መጣ እንዴ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። አባቴ ነው።»

በመስኮቷ አየቻቸው። «ሆመቾ ነኝ ያልሽው ለሳቸው አይደል? ከዋሸሽ አይቀር ስለ አገሬ ደህና ነገር አወራሽላቸው?» ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

አስተናጋጇ ቀረበቻቸው። ሁሉም ነገር ይሰማኛል።

«የኔ ልጅ፣ ምን አላችሁ?» አሉ ጎረቤታችን።

«ሳንዱች ነው፤ የጾምም የፍስክም።»

«ውስጡ ያለውን ዘርዝሪልና፤ ቀርቦ ከምንጣላ።»

«እንቁላል፣ ቱና፣ አትክልት፣ አቮካዶ።»

«ለኔ እንቁላሉን። ደግሞ ሳትከድኚ አምጪልኝ። የከተማ ሰው ምግቡን የሚከድነው የሚያፍርበት ነገር ቢኖረው ነው።»

«እኔ» አለ አባቴ፣ «ጎመን ያለበት ነገር ቢኖር።»

«በጎመን አንሠራም አባባ።»

«ምነው? ዳቦና ጎመን ተጣልተዋል?»

አስተናጋጇ ወደ መስኮቷ መጣች። «አንድ እንቁላል። አንድ ደግሞ ሽማግሌው ጎመን ይላሉ። ዓይናቸው አያይም መሰለኝ፤ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

እትዬ ዳቦ ቤት ሄደው ነበር። ለኛ ምሳ የቀቀልነው ጎመን ድስቱ ውስጥ አለ፤ ፍሪጁ ውስጥ አይብ አለ። የሥራ ባልደረባዬ ዳቦውን አነሳች። «አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ እሠራዋለሁ» አለችኝ። እሷ ብትሠራው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ዳቦው በቅቤ ይርስ ነበር፤ አባቴ በልቶ፣ ከንፈሩን ጠርጎ፣ ወደ ዳምቦያ ይመለስ ነበር።

«ተይው» አልኳት።

ጓንቱን አወለቅኩ። ዳቦውን በእጄ ከፈልኩት። ከሥር አይብ፣ ከላይ ጎመን። ቢላዋ አላስነካሁትም፤ ስቴኪኒ አልሰካሁበትም። በነጭ መጠቅለያ ወረቀት ጠቀለልኩት፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፌ ከሥር ሸጎጥኩት።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ሳወራው፣ እጄ ነው በልማድ የሠራው እል ነበር። እውነት አይደለም። አባቴ ለሐኪም ብሎ በሌሊት ተነሥቶ እህል ሳይቀምስ እንደመጣ አውቄያለሁ፤ እኔ ባለሁበት ከተማ ከኔ እጅ ሳይበላ እንዲመለስ አልፈለግኩም። እንዳያውቀኝ ፈልጌ ነበር። እንዲያውቀኝም ፈልጌ ነበር። ሁለቱንም እዚያ ዳቦ ውስጥ ከደንኳቸው።

ምግቡ ቀረበላቸው፤ እኔ ተመልሼ ከፍሪጁ ጀርባ ሆኜ በመስኮቷ አያቸው ነበር። አጭር ጸሎት አደረጉ። ጎረቤታችን የራሳቸውን ገለጥ አድርገው አዩት።

«ይሄን እንቁላል እየው እስቲ! እንደ ወረቀት ስስ ነው። ዶሮዋ አዝና የጣለችው መሆን አለበት።»

አባቴ ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞታል። ጣቶቹ ወረቀቱን ዞሩት፤ ከሥር የተሸጎጠውን ጫፍ አገኙ። ወደ ራሱ አንድ ጊዜ ሳበው። ተከፈተ። ከዚያ እጁ እንዳለ ቆመ።

«ምነው? ጸልየናል እኮ» አሉ ጎረቤታችን።

«አይ፣ ምንም» አለ። ቆረሰ። ጎረሰ። ቀስ ብሎ ሲያኝክ ጉንጩ ላይ ያለው ጅማት ይታየኝ ነበር።

ጎረቤታችን ዝምታ አይወዱም። «ልጅህ እዚሁ ከተማ እያለች እኛ በዳቦ እንሸነገላለን! በል ደውልላት። ሆመቾ ብትሄድስ ማታ ትመለስ የለም እንዴ? አድረን ነገ ቢሮዋን አይተን እንሄዳለን። እኔም ለሰዉ የማወራው ነገር ይኖረኛል።»

አባቴ የጎረሰውን ዋጠ። ራሱን ቀና አደረገና ወደ መስኮቷ ዞረ። እኔን ሊያይ አይችልም፤ ብርሃኑን ነው ያየው። ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጡ ተማሪዎች በሚያስተምርበት ድምፅ ተናገረ።

«ልጄ ሥራ ላይ ናት። ጠዋት ስደውል አለቃዋ ራሱ ስልኩን ተቀብሎ አነጋግሮኛል። ‹አባት፣ ጎበዝ ልጅ ነው የሰጡን፤ ያለሷ ይሄ ቢሮ አይንቀሳቀስም› ብሎኛል። ከሥራዋ አንጎትታትም።»

«ይህን ይዘህ ነው እስካሁን ዝም ያልከው?» አሉ ጎረቤታችን። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱ።

ጠዋት ሲደውል ከኔ በቀር ስልኩን የያዘ ሰው አልነበረም። አለቃ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም። የዋሸ ተማሪ ሲያጋጥመው አይገርፍም፤ እውነቱን እስኪናገር ድረስ ዝም ብሎ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ግርፊያውን ይመርጡ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ በሀዲይኛ አንድ ነገር አለች፤ ግማሹ ብቻ ገባኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አኖረች። ዲግሪዋ አላለችኝም።

ከፍሪጁ ጀርባ እስከ ጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ነው። ስንት ጊዜ እንደለካሁት አላውቅም። ጎረቤታችን ሲነሡ አባቴም ተነሣ፤ ክንዳቸውን ያዘ፤ ደረጃዋን በጫማው ጫፍ ፈለጋት፤ ወጡ።

አስተናጋጇ ሳህኖቹን ይዛ መጣች። «ሽማግሌው ግማሹን ትተውት ሄዱ። አልጣማቸውም መሰለኝ። ልድፋው?»

ተቀበልኳት። ግማሹ ዳቦ በወረቀቱ ተመልሶ ተጠቅልሏል። ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ከሥር ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

እንደያዝኩት ቆሜ ሳለ እትዬ በጓሮ በር ገቡ። ከእጄ ወሰዱት፤ ጫፉን ፈልገው ስላጡ ወረቀቱን ቀደው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው? ቢላዋ አልነካው! ስቴኪኒ የለው! በረቡዕ ምድር አይብ፣ ያውም ተከድኖ! ጿሚ ቢያነሣውስ?»

«ለአንድ ደንበኛ ነው እትዬ። የማይጾሙ ናቸው።»

«ደንበኛሽም ይኸው ትቶት ሄዷል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ክፉ ሴት አይደሉም። «የኔ ልጅ፣ ለጥቅምሽ ነው የምነግርሽ። የቤቱን ምግብ ፈልጎ ሳንዱች ቤት የሚመጣ ሰው የለም።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። የተቀደደውን ወረቀት ገጥሜ ጠቀለልኩትና ፋይሌ ውስጥ፣ ከሽርጡ ቦታ አስቀመጥኩት።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች። አከራዬ ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ስለነበር በሬን ገርበብ አደረግኩት።

«አባትሽ በሰላም ገባ። ኦፕራሲዮኑ የዛሬ ሳምንት ነው ብለውታል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። «አለቃሽ አመሰገነሽ አሉ! ጎረቤታችን ከመኪና ሳይወርዱ ነው ማውራት የጀመሩት። እሑድ በጉባኤ ስምሽን አንሥተው ሊያመሰግኑ ነው። የኔ ልጅ፣ ይህን ደግሞ ለእናት አይነገርም እንዴ?»

«ልነግርሽ ነበር» አልኩ።

«አባትሽን ግን ምግቡ አልተስማማውም። አንድ ሳንዱች ቤት ገብተው፣ ዳቦው ደረቅ፣ ጎመኑ ጥሬ፣ ሁለተኛ እግሬ እዚያ ቤት አይረግጥም እያለ ሲናገር ነው ያመሸው። አንተ ደግሞ መቼ ምግብ ትነቅፍ ነበር ብለው ጎረቤታችን ሳቁበት። ለኦፕራሲዮኑ ስንቃችንን ቋጥረን ነው የምንመጣው።»

ምን እያደረገ እንደነበር ገባኝ። በሳምንቱ ጎረቤታችን በልማድ ወደዚያው ቤት እንዳይጎትቱት፣ እናቴም ተከትላ እንዳትገባ፣ በጊዜ መንገዱን እየዘጋ ነበር። ገብቶኛል። ጎመኑ ግን ጥሬ አልነበረም።

አባቴ ስልኩን ተቀበላት።

«እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና አባዬ።»

«ሆመቾ እንዴት ነበረ?»

«ደህና ነበረ።»

«ምሳ በላሽ?»

ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «ገና ነኝ» አልኩት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ።

«ብዪው» አለኝ። «ቀዝቅዞም ቢሆን ብዪው።»

የሱን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ከጀርባው እናቴ ለእህቴ ስለ አለቃዬ ታወራለች። ያን ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ ሳስበው የኖርኩት ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ መጣ።

«አባዬ፣ እኔ...»

«አለቃሽን ሰላም በይልኝ» አለና ዘጋው።

እስከዚያች ዕለት ድረስ ውሸቱ የኔ ብቻ ነበር። ከብዶኝም ቢሆን የኔ ነበር፤ አንድ ቀን ተነሥቼ ላራግፈው እችል ነበር፤ አፍሬ፣ አልቅሼ፣ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ብናገር የሚዋረደው እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ፣ በጉባኤ ቆሞ የሚጸልይ ሰው፣ የሌለ አለቃ ፈጥሮ የሌለ ምስጋና አወራ። የመጀመሪያዋን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሆመቾ የምትለዋን። የቀረውን ራሱ ሠራው፤ ከኔ ይልቅ አሳምሮ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ። ግማሹን ዳቦ ከፋይሉ አወጣሁት። ጠርዙ ደርቋል፤ አይቡ ኮምጥጧል፤ ወረቀት ወረቀት ይላል። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ ፍርፋሪ ሳላስቀር በላሁት። የተቀደደውን ወረቀት በታጠፈበት አጥፌ ከዲግሪዬ ኮፒ ጋር አኖርኩት። ሽርጡን አጥፌ በላዩ አደረግኩ። የቢሮ ልብሴን ለበስኩ።

አከራዬ ደጅ እየጠረጉ ነበር። መጥረጊያውን ጥለው ጉንጬን ሳሙኝ።

«እናትሽ ነገረችኝ! አለቃሽ አመሰገነሽ አሉ። እሰይ የኔ ልጅ፣ ወላጅ እንዲህ ነው የሚካሰው። ቢሮ?»

«አዎ» አልኩ፤ «ቢሮ።»

ፋይሌን በብብቴ ያዝኩና ወጣሁ።